ጅረቱ የሚነደው የት ነው? የራዲዮ ጋላክሲዎችና እጅግ ብርቱው የጋማ ጨረር

(በአገና ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የተገለበጠ። በገለጻው የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሁለት ጋላክሲዎች ነው። ርእሱን የመረጥሁት ዕዳ ስላለብኝ ነው። ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ ሳስተምር፣ ከእነዚህ ጋላክሲዎች የሚመጣው እጅግ ብርቱ የጋማ ጨረር ከአንዲት ጠባብ ስፍራ፣ ከማእከላቸው ከጥቁሩ ጉድጓድ አጠገብ ብቻ እንደሚፈልቅ አስረግጬ እናገር ነበር። በሰሌዳው ላይ አንዲት ነጥብ በጠመኔ አኑሬ «ከዚህ ነው» እል ነበር። ያችን ነጥብ በደብተራቸው ከገለበጡት መካከል አንዳንዶቹ ዛሬ ራሳቸው መምህራን ሆነው ከፊቴ ተቀምጠዋል። ነጥቧ ፈጽማ ስሕተት አልነበረችም፤ ግማሽ እውነት ግን ነበረች። ዛሬ ሌላውን ግማሽ ይዤ መጥቻለሁ።

አስቀድመን ስሙን እንፍታው። ጋላክሲ፣ አንዳንድ መጻሕፍቶቻችን «ረጨት» የሚሉት፣ በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ከዋክብት በስበት ተሳስበው የሚኖሩበት ታላቅ መንደር ነው። የእኛው መንደር ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። በትላልቅ ጋላክሲዎች ማእከል እጅግ ከባድ ጥቁር ጉድጓድ አለ። በአብዛኞቹ ዘንድ ይህ ጉድጓድ ጸጥ ያለ ነው። በጥቂቶቹ ግን ጋዝ ወደ ውስጥ ሲወርድ ከፊሉ ይዋጣል፤ ከፊሉ ደግሞ ወደ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች፣ ለብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት፣ ጠባብ ሆኖ ይወረወራል። ፈረንጆቹ «ጄት» ይሉታል። እኔ «ጅረት» እለዋለሁ፤ ፍቺውም ይስማማዋል፣ ድምፁም መቀራረቡ ደስ ይለኛል። በጅረቱ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች በመግነጢስ መስክ ዙሪያ እየተጠማዘዙ ሲበሩ የራዲዮ ሞገድ ያወጣሉ። ጅረቱ ከጋላክሲው ወሰን አልፎ ሲበተን በሁለቱም ወገን እንደ ክንፍ የተዘረጋ ሰፊ የራዲዮ ደመና ይሠራል። ራዲዮ ጋላክሲ ማለት ይህ ነው።

ሁለቱ ጋላክሲዎቼ ኤም 87 እና ሴንታውረስ ኤ ናቸው። የመጀመሪያውን ፈረንሳዊው ቻርልስ ሜሲዬ በ1781 መዝግቦታል። በ1918 አሜሪካዊው ሂበር ከርቲስ በፎቶግራፍ ላይ ከማእከሉ የሚወጣ እንግዳ የሆነ ቀጥ ያለ ጨረር አየ፤ ምን እንደሆነ ግን ሊያውቅ አልቻለም። ሁለተኛውን ጄምስ ደንሎፕ በ1826 ከአውስትራሊያ ሰማይ ሥር አገኘው። በዚያው አገር በ1949 ጆን ቦልተን፣ ጎርደን ስታንሊና ብሩስ ስሊ ከሰማይ የሚሰማው የራዲዮ ድምፅ ከእነዚህ ሁለት ጋላክሲዎች ጋር እንደሚገጥም አሳዩ። ኤም 87 ከእኛ 54 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ሴንታውረስ ኤ ደግሞ 12 ሚሊዮን ያህል። በጋላክሲዎች ዘንድ ይህ ጉርብትና ነው።

አሁን ወደ ጀፎረ ልውሰዳችሁ። በጨለማ ሌሊት በሰፊውና በቀጥተኛው ጀፎረ አንድ ጫፍ ቆማችኋል እንበል። ከወዲያኛው ጫፍ መኪና መብራቱን አብርቶ ወደ እናንተ ይመጣል። የምታዩት ዓይን የሚያጭበረብር ብርሃን ብቻ ነው፤ መኪናው ኢሱዙ ይሁን ላንድ ክሩዘር፣ ሰው ይጫን እህል፣ አይታወቅም። በጀፎረው ዳር ካለ ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚያይ ሰው ግን መብራቱ ባያጭበረብረውም መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ ያያል። ጅረታቸው በቀጥታ ወደ እኛ የተቃጣ ጋላክሲዎች ብላዛር ይባላሉ፤ ከጋላክሲያችን ውጭ ብርቱ የጋማ ጨረር ሲልኩ ከተገኙት አብዛኞቹ እነርሱ ናቸው። ራዲዮ ጋላክሲዎች ግን ጅረታቸው ወደ ጎን ያዘነበለ ስለሆነ በጋማ ጨረር ደብዛዛ ናቸው፤ እስካሁን በዚህ ብርታት የታዩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ገለጻው ከመጀመሩ በፊት ይህን ያጫወትኋቸው አንድ አባት «ታዲያ የሚደምቀውን ትተህ የሚደበዝዘውን ለምን ትመለከታለህ?» ብለውኛል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱም ከደጃፉ የሚያየው ሰው ዘንድ አለ። ብርሃኑ ከጅረቱ ከየትኛው ክፍል እንደሚወጣ ለመለየት ከጎን ማየት ያስፈልጋል።

ጋማ ጨረርም ብርሃን ነው። ራዲዮ፣ ዓይን የሚያየው ብርሃን፣ ኤክስሬይና ጋማ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ የሚለያዩት እያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣት በሚሸከመው ጉልበት ነው። ዓይናችን የሚያየው ቅንጣት ሁለት ሦስት ኤሌክትሮን ቮልት ቢሸከም፣ እኔ የምናገርለት ጋማ ግን በመቶ ቢሊዮኖችና በትሪሊዮኖች የሚቆጠር ይሸከማል። እንዲህ ያለ ቅንጣት ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን ብርቅ ነው። ከከባቢ አየር ውጭ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ብንዘረጋና ከሴንታውረስ ኤ የሚመጣውን ከ250 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ የሆነ ጋማ ብንጠብቅ፣ በሁለት ዓመት አንድ ቅንጣት ብታገኘን ነው። በሳተላይት ላይ የሚጫን መሣሪያ ስፋቱ ውስን ስለሆነ ለዚህ አይበቃም።

መፍትሔው ከራሳችን በላይ ያለው አየር ሆነ። ጋማው ከአየሩ ጋር ሲጋጭ ኤሌክትሮንና ፀረ ኤሌክትሮን ይወልዳል፤ እነርሱም ሌላ ጋማ፣ ያም ሌሎች ኤሌክትሮኖችን፤ እንዲህ እየተባዛ የቅንጣቶች ዶፍ ይወርዳል። ዶፉ የሚበረታው ከባሕር ወለል 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የዘቢዳርን ተራራ ሦስት ጊዜ ብትደራርቡት ጥቂት ቢያልፈው ነው። ከእነዚህ ቅንጣቶች ብዙዎቹ በአየር ውስጥ ከሚጓዝ ብርሃን ይቀድማሉ። በባዶ ሕዋ ብርሃንን የሚቀድም የለም፤ በአየር ውስጥ ግን ብርሃን ራሱ ትንሽ ስለሚዘገይ መቅደም ይቻላል። ሲቀድሙ ሰማያዊ ብልጭታ ይተዋሉ። በግኝቱ ፓቬል ቼሬንኮቭ ከሁለት የአገሩ ሰዎች ጋር በ1958 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ብልጭታው የሚቆየው የሰከንድ ጥቂት ቢሊዮንኛ ያህል ስለሆነ ዓይን አያየውም። መሬት ላይ ሲደርስ ግን አንድ ሰፊ የገበያ ሜዳ የሚያክል፣ ወርዱ 250 ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ስፍራ ያበራል። በዚያ ክብ ውስጥ የትም ቦታ ቴሌስኮፕ ቢቆም ብልጭታውን ያያል፤ ስለዚህ የመሣሪያችን ስፋት የመስታወቱ ሳይሆን የብርሃኑ ሜዳ ይሆናል። በሁለት ዓመት አንድ የነበረው ቅንጣት በሰዓት ወደ ሁለትና ሦስት ከፍ ይላል። በ1952 እንግሊዛውያኑ ጋልብሬይዝና ጄሊ ይህን ብልጭታ ከሰማይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዙ የተጠቀሙት አንድ መስታወትና አንድ የብርሃን ጠቋሚ በቆሻሻ መጣያ በርሜል ውስጥ አስቀምጠው ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ሳልነግር አልፌ አላውቅም፤ የመሣሪያ እጦትን ምክንያት ለሚያደርግ ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው።

እውነተኛው ችግር ግን ሌላ ነው። ከጠፈር የሚዘንቡ ፕሮቶኖችና ሌሎች ቅንጣቶችም ተመሳሳይ ዶፍ ይሠራሉ፤ ቁጥራቸውም ከጋማው በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ልዩነታቸው በቅርጽ ነው፤ የጋማው ብልጭታ ቀጠን ያለ ሞላላ ሲሆን የፕሮቶኑ የተበታተነ ነው። በብዙ ቴሌስኮፕ በአንድ ጊዜ ሲታይ ቅርጹም አቅጣጫውም ይለያል። እንክርዳዱን ከስንዴው መልቀም ማለት ነው፤ የአንድ ዓመት ምልከታ አብዛኛው ድካም ይህ ነው።

ለዚህ ሥራ ከታወቁት አንዱ በአህጉራችን ይገኛል። በናሚቢያ ኮማስ በሚባለው ደጋማ ምድር፣ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሄስ የሚባሉ አምስት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ስሙ በ1912 በባሉን ወጥቶ የጠፈር ጨረርን ያገኘውን ቪክቶር ሄስን ያስታውሳል። አራቱ የመስታወታቸው ወርድ 12 ሜትር ነው፤ በ2012 የተጨመረው አምስተኛው 28 ሜትር። በሰሜን በኩል ደግሞ በላ ፓልማ ደሴት ማጂክ፣ በአሜሪካ አሪዞና ቬሪታስ አሉ።

አሁን ወደ ነጥቧ እንመለስ። ኤም 87 ብርቱ ጋማ እንደሚልክ በላ ፓልማ የነበረው ሄግራ በ2003 አስታወቀ። ሄስ በ2005 ሲመለከተው ጨረሩ በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ሲጨምርና ሲቀንስ አገኘው። ይህ ምን እንደሚነግረን በመስቀል ደመራ ልግለጽ። ሰፊ ደመራ ከአንድ ጎኑ ሲለኮስ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይነድም፤ እሳቱ ከዳር እስከ ዳር መሄድ አለበት። በተፈጥሮ ከብርሃን የሚፈጥን መልእክተኛ ስለሌለ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የሚደምቅና የሚደበዝዝ እሳት ብርሃን በሁለት ቀን ከሚሄደው ብዙም ሊሰፋ አይችልም። የኤም 87 ጥቁር ጉድጓድ የፀሐይን 6.5 ቢሊዮን እጥፍ ይመዝናል፤ በሚያዝያ 2019 ምስሉ ለዓለም የታየው እርሱ ነው። ብርሃን ከዳር እስከ ዳር እርሱን የሚያህል ስፋት ለመሻገር አንድ ቀን ተኩል ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ የጋማው እሳት ከጉድጓዱ ራሱ ብዙም የማይሰፋ ነው። በ2008 ሦስቱም የጋማ ተቋማት ከራዲዮ ቴሌስኮፖች ጋር ተቀናጅተው ሲመለከቱ ጋማው በነደደ ጊዜ የማእከሉም ራዲዮ ደመቀ። ያቺን ነጥብ በልበ ሙሉነት በሰሌዳ ላይ ያስቀመጥሁት በዚህ ተደግፌ ነው። በ2010 ጋማው እንደገና ሲነድ ግን የማእከሉ ራዲዮ እንደ ፊተኛው አልተከተለውም፤ ያን ጊዜ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብሁም።

ሴንታውረስ ኤ ሌላ ጠባይ አለው። የራዲዮ ክንፎቹ በሰማያችን ላይ 8 ዲግሪ ያህል፣ ማለትም 16 ሙሉ ጨረቃ ተደርድሮ የሚይዘውን ያህል ይዘረጋሉ፤ ዓይናችን ራዲዮ ቢያይ ኖሮ ከሰማይ ታላላቅ ትዕይንቶች አንዱ በሆነ ነበር። ሄስ ከ100 ሰዓት በላይ ከተመለከተው በኋላ በ2009 ብርቱ ጋማ እንደሚልክ አስታወቀ። ሰዓቱ ትንሽ ይመስላል፤ ቴሌስኮፖቹ የሚሠሩት ግን ጨረቃ በሌለበትና ደመና ባልሸፈነው ሌሊት በመሆኑ በዓመት የሚያገኙት 1,000 ሰዓት ያህል ነው፤ እርሱንም ብዙ አመልካቾች ይሻሙበታል። የተገኘው ምልክት እጅግ ደካማ ነበር፤ በጋማ ሰማይ እንደ መለኪያ ከሚያገለግለው ከክራብ ኔቡላ አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚነድና የሚጠፋ ምልክትም አልታየበትም። ስለዚህ የደመራው ክርክር እዚህ አልሠራም፤ ስፍራውን በቅርጹ መለየት ግድ ሆነ።

ይህ ትዕግሥት ጠየቀ። የሄስ የማየት ስለት ከጨረቃ ወርድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ የሴንታውረስ ኤ ውስጠኛ ጅረት ከዚያም ያንሳል። ቢሆንም ከ200 ሰዓት በላይ የተሰበሰበው መረጃ በጥንቃቄ ሲመረመር፣ የጨረሩ አሻራ ክብ ሳይሆን ሞላላ ሆኖ ተገኘ፤ ሞላላውም ከጅረቱ አቅጣጫ ጋር ገጠመ። ውጤቱ በሰኔ 2020 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ታተመ። ጋማው ከጥቁሩ ጉድጓድ በሺዎች የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ርቆ በጅረቱ ርዝመት ይወጣል ማለት ነው።

የዚህን ክብደት ለመረዳት የኤሌክትሮኖቹን ዕድሜ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ጋማ የሚወልዱት ኤሌክትሮኖች በትሪሊዮኖች የሚቆጠር ኤሌክትሮን ቮልት የተሸከሙ ናቸው። በጋላክሲው ውስጥ ካለው አቧራ የሚወጣውን ደካማ የኢንፍራሬድ ብርሃን ሲገጩት ጉልበታቸውን ሰጥተው ወደ ጋማ ይለውጡታል። ጉልበት የበዛለት ኤሌክትሮን ደግሞ ጉልበቱን የሚጨርሰው ፈጥኖ ነው፤ ከሁሉ የበረቱት በጥቂት መቶ ዓመታት ይበርዳሉ። በብርሃን ፍጥነት ቢሄዱ እንኳ ከጥቂት መቶ የብርሃን ዓመት በላይ አይርቁም።

አንዲት እናት ወልቂጤ ላይ ቡና አፍልታ ጀበናውን በእግሯ ተሸክማ አገና ብትደርስና፣ እዚህ የተቀዳው ሲኒ ምላስ ቢያቃጥል ምን ትላላችሁ? ጀበናው መንገድ ላይ ሌላ ምድጃ አግኝቷል ትላላችሁ። በሴንታውረስ ኤ ጅረትም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሮኖቹ በጥቁሩ ጉድጓድ አጠገብ ብቻ ሞቀው ቢሆን ኖሮ በሺዎች የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ በርደው በተገኙ ነበር። እዚያ ትኩስ ሆነው ስለተገኙ ጅረቱ በመንገዱ ሁሉ ምድጃ አለው ማለት ነው። የኤክስሬይ ምልከታዎች ይህን ከቀድሞ ጀምሮ ይጠቁሙ ነበር፤ ነገር ግን ኤክስሬዩ የመግነጢስ መስኩንና የኤሌክትሮኖቹን ጉልበት አደባልቆ ስለሚያሳይ ሌላ ንባብ ሊሰጠው ይችል ነበር። ጋማው ጥርጣሬውን ዘጋው።

ምድጃው ምንድን ነው የሚለው ገና ክርክር ነው። አንዳንዶች ጅረቱ ከከዋክብትና ከጋዝ ደመና ጋር ሲላተም የሚፈጠር የድንጋጤ ሞገድ ነው ይላሉ። ሌሎች ፈጣኑ የጅረቱ መሐል ከዘገምተኛው ዳር ጋር ሲፋተግ የሚፈጠር ሽክርክሪት ነው ይላሉ። የእኔ ዝንባሌ ወደ ሁለተኛው ነው፤ ሞላላው በጥቂት ነጥቦች ላይ የተከማቸ ሳይሆን በጅረቱ ርዝመት የተዘረጋ መምሰሉ ያሳምነኛል። በላ ፓልማና በቺሊ ፓራናል የሚሠራው አዲሱ የቼሬንኮቭ ቴሌስኮፖች ተቋም የማየት ስለቱ ስለሚበልጥ ይህን ክርክር ሊያጠብበው ይችላል፤ የተሳሳትሁትም እኔ ከሆንሁ እንደ ዛሬው መጥቼ እነግራችኋለሁ።

በሰሌዳው ላይ ያለችውን ነጥብ እንግዲህ አናጠፋትም። በኤም 87 እርሷው ትቆማለች፤ በ2018 እንደገና ለጥቂት ቀናት ሲነድ ታይቷል። በሴንታውረስ ኤ ግን ከነጥቧ የሚነሣ መስመር አስምሩ። ደብተራችሁን የጠበቃችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ አርሙት።

(በዚህ ጊዜ ከተሰብሳቢው ሁለት ጥያቄዎች ቀረቡ።)

የመጀመሪያው፣ እንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ በአገራችን ለምን አይተከልም የሚል ነው። ያለንን ልንገራችሁ። በእንጦጦ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ መስታወታቸው አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የሚያዩት ዓይን የሚያየውን ብርሃን እንጂ ጋማን አይደለም፤ ሆኖም ማእከላቸው ንቁ የሆኑ ጋላክሲዎችን የማጥናት ሥራ በዚያ በእነ ዶክተር ሚርያና ፖቪች አማካይነት ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ተከፍቷል። ለጋማ ቴሌስኮፕ ደግሞ አቀማመጣችን የሚያስቀና ነው። አገና ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ኤም 87 ከአናታችን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ዘንበል ብሎ ያልፋል፤ ሴንታውረስ ኤም ከደቡቡ አድማስ 39 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። አሪዞና ላይ ያለ ሰው ሴንታውረስ ኤን የሚያየው ከአድማስ 15 ዲግሪ ላይ ነው፤ በወፍራም አየር ውስጥ። የሚጎዳን ደመናው ነው። ሁለቱ ጋላክሲዎች በሌሊቱ እኩሌታ ከፍ የሚሉት በበልግ ዝናብ ወራት ነው፤ ቀጥሎ ክረምቱ ይገባል። ናሚቢያ በዚያው ወቅት በጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ቴሌስኮፑ እዚያ መሆኑ አያስቆጨኝም። የሚያስቆጨኝ መረጃውን የሚያነቡ ሰዎች ከእኛ ዘንድ ማነሳቸው ነው። ፈርሚ የተባለው ከ2008 ጀምሮ የሚበርር የጋማ ሳተላይት መረጃውን ለማንም ሰው በነጻ ይሰጣል፤ የመተንተኛ ፕሮግራሙም እንዲሁ። እኔ ራሴ የሴንታውረስ ኤን መረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጭን መብራት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሬያለሁ፤ በአራተኛው ሌሊት ግን መረጃው እጄ ገባ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሒሳብ በሚገባ የያዘና ትንሽ ኮምፒውተር የሚችል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በእርሱ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ፈቃደኛ ለሆነ እኔ አለሁ።

ሁለተኛው ከአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የመጣ ነው፤ ጋላክሲዎቹን በዓይኗ ማየት ትችል እንደሆነ። ልጄ፣ በባዶ ዓይን አይታዩም። ሴንታውረስ ኤ ግን በጥሩ ባይኖኩላር ይታያል። በሚያዝያ አጋማሽ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ እኩለ ሌሊት ሲሆን ከከተማው መብራት ራቅ በይና ወደ ደቡብ ተመልከቺ። ከአድማስ እስከ አናትሽ ካለው ግማሹን ከመድረስ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ክብ የሆነች ደብዛዛ ጭጋግ ታገኛለሽ። እንዳትሳሳቺ፤ ከእርሷ በታች ጥቂት ዲግሪ ላይ ደመቅ ያለች ሌላ ጭጋግ አለች፤ እርሷ ኦሜጋ ሴንታውሪ የምትባል የራሳችን ጋላክሲ የከዋክብት ክምችት ናት። የላይኛዋ ናት የምትፈልጊያት። ወሩ ዝናብ ስለሚበዛበት በአንድ ሌሊት ላይሳካልሽ ይችላል፤ ሰማዩ እስኪገልጥልሽ ሁለት ሦስት ሌሊት ውጪ። ብርድ ልብስ አትርሺ።